በመርፌው ውስጥ ያለው ቢጫ የማን ነው?

ክቡራትና ክቡራን፣ የተከበሩ ዶክተራችን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ይህን የጡረታ መሸኛ ዝግጅት ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። አበባውን ላሰረችው፣ ወንበሩን ከምድር ቤት ተሸክሞ ላወጣው፣ ኬኩ ላይ ስሜን ሳይሳሳት ላጻፈው፣ እጃችሁ ይባረክ።

እውነቱን ልናገር? ነገሩን ከጠረጠርኩ ሰነባብቻለሁ። ሰሞኑን እኔ ስገባ ወሬ ይቋረጣል። የጽዳት ባልደረባችን መተላለፊያው ላይ ስታየኝ መንገድ ትቀይራለች። ዛሬ ደግሞ እንግዳ ተቀባያችን ደውላ፣ “ጋሼ፣ የአዳራሹ አምፖል ተቃጥሏል፤ ቶሎ ይምጡ” አለችኝ። እኔ ነርስ ነኝ። አምፖል ሲቃጠል ነርስ ይጠራል እንዴ? ልጄ፣ ዋሽቶ የማያውቅ ሰው እንደሆንሽ በዚሁ ገባኝ።

ከጀርባዬ “መርማሪው” እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ማን እንዳወጣልኝም አውቃለሁ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ አንገቱን ደፍቶ እየሳቀ ነው። አይዞህ፣ አልከስህም።

ግን ጠርጣራ ያደረገኝ ማን ነው? ሥራው ነው። ደም ሲቀዳ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ታካሚ ይቀመጣል። “ስምዎን ይንገሩኝ” እላለሁ። ይነግሩኛል። ቱቦው ላይ እጽፋለሁ። “እስቲ ድጋሚ ይንገሩኝ” እላለሁ። “አሁን ነገርኩህ እኮ! ትሰማለህ?” ይሉኛል። እሰማለሁ፤ በደንብ እሰማለሁ። ነገር ግን የሁላችንም ደም ቀይ ነው። ቱቦ ውስጥ ከገባ በኋላ የማን እንደሆነ አፍ አውጥቶ አይናገርም። ስለዚህ እኔ መጠየቅ አለብኝ። ስንቱ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ገላምጦኛል!

ያ ደም የሚያሽከረክረው ማሽን እዚህ የቆዳ ክሊኒካችን የገባ ዕለት ትዝ ይላችኋል? ብዙዎቻችሁ ያኔ አልነበራችሁም። ዶክተራችን ሁላችንንም ሰብስበው አስረዱን። ከታካሚው ክንድ ትንሽ ደም እንቀዳለን፤ ማሽኑ ያሽከረክረዋል፤ ቀዩ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ቢጫው ከላይ ይቀራል። በዚያ ቢጫ ውስጥ ፕላትሌት የሚባለው አለ፤ ስንቆስል ደማችንን የሚያቆመውና ቆዳችን እንዲጠገን የሚያግዘው። እሱ የበዛበትን ክፍል ወስደን ፀጉር በሳሳበት ቦታ ወይም ፊት ላይ በቀጭን መርፌ መልሰን እንሰጣለን። የሰውየው የራሱ ደም ነው፤ ባዕድ ነገር የለበትም።

ሁሉም አጨበጨበ። እኔ እጄን አወጣሁ።

“ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የሰውየውን ደም ከሰውየው ወስደን መልሰን ለሰውየው ልንሸጥለት ነው?”

እንግዳ ተቀባያችን ጫማዬን ረገጠችኝ። ዶክተራችን ግን አልተቆጡም።

“እንደዚያ ሊመስል ይችላል” አሉ። “ስለዚህ የማይጠቅመውን ሰው አንወጋም።”

“ማንን እንደሚጠቅም በምን ይታወቃል?”

“ሁልጊዜ አይታወቅም። እሱንም ለታካሚዎቹ እንነግራቸዋለን።”

“አላውቅም” የሚል ሐኪም ሳይ ጥርጣሬዬ ትንሽ ይረግባል። ትንሽ ነው ያልኩት። ከዚያ ወዲህ ፀጉሩ ሲጠነክር ያየሁት ሰው አለ፤ ተወግቶ ተወግቶ እንደመጣ የሄደም አለ። ፊቷ ወዝ አገኘ ያልኳት ሴት፣ በኋላ ስጠይቃት ሥራ ለቅቃ እንቅልፍ መተኛት ጀምራ ኖሯል። ታዲያ መርፌው ነው እንቅልፉ? እስከ ዛሬ አልገባኝም። የኔን ራስ በተመለከተ፣ ዶክተራችን አንድ ቀን “ጋሼ፣ እንሞክርልዎት?” ብለውኛል። “ፀጉሬ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል፤ ዕረፍቱን አንረብሸው” ብዬ አለፍኩ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። አንዳንዶቻችሁ ከፊሉን ታውቁታላችሁ፤ ከፊሉን በሐሜት ሰምታችሁታል። ከእኔ አፍ ብትሰሙት ይሻላል።

ታናሽ እህቴ ዛሬ እዚህ አለች። ከመስኮቱ አጠገብ የተቀመጠችው እሷ ናት። ይህን ልናገር ወይ ብዬ ስጠይቃት፣ “ሁሉንም ተናገር፤ ዕድሜዬን ብቻ እንዳትጠራ” አለችኝ። አልጠራም።

እህቴ የሕፃናት መምህርት ናት። ሴት ልጇን ከወለደች በኋላ ፀጉሯ መርገፍ ጀመረ። መጀመሪያ ማበጠሪያው ላይ፣ ቀጥሎ ትራሱ ላይ። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ የአንዱን ሕፃን የጫማ ማሰሪያ ልታስር ጎንበስ ስትል፣ ልጁ ከላይ ሆኖ አያት።

“ቲቸር፣ በፀጉርሽ ውስጥ ራስሽ ይታያል” አላት።

ሕፃን ነው፤ ያየውን ተናገረ። ሕፃናቱ ሲስቁ አብራቸው ሳቀች። ቤቷ ገብታ ግን መስታወቱን ፎጣ አለበሰችው።

ወደዚህ አመጣኋት። ዶክተራችን መረመሯት፤ ደሟን እኔ ራሴ ቀዳሁ። አዎ፣ ስሟን ሁለቴ ጠየቅኋት። “ወንድም ጋሼ፣ አብደሃል?” አለችኝ። ውጤቱ ሲመጣ የደም ማነስ ነው። ሰውነቷ ውስጥ አይረን የሚባለው የብረት ማዕድን የቀረ አይመስልም።

“ይህን ሳናክም ብንወጋሽ በከንቱ ማሳመም ነው” አሏት ዶክተራችን። “ክኒኑን ውሰጂ። ፀጉር ቀርፋፋ ነው፤ ወራት ይፈጃል። ታገሺ።”

ከክፍሉ ስንወጣ እጄን ለቀቀች። “ማሽኑ ጓዳችሁ ተቀምጦ፣ ለእኔ ሲሆን ክኒን?” አለችኝ። “ለሌላው ሰው ሁሉ አለ አይደል?”

“ለአንቺ አይሆንም ተባለ እኮ።”

“እሺ” አለች። አባባሏ አላማረኝም። እህቴ “እሺ” ካለች፣ እሺ አላለችም ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ እኛ ቤት መምጣቷን ተወች። ስደውል “ሥራ ላይ ነኝ” ትላለች። የሕፃናት መምህርት እሁድ ምን ሥራ አላት? ባለቤቷን ስጠይቀው፣ “ደህና ናት፤ ትንሽ ራሷን አሟት ነው” አለኝ። ዓይኔን እያየ አልነበረም። ብርቱካን ገዝቼ ሄድኩ።

በሩን ገርበብ አድርጋ ከፈተችው። ቤት ውስጥ ሆና ሻርፕ ጠምጥማለች፤ እስከ ቅንድቧ ድረስ አውርዳዋለች።

“ምን ሆነሻል?”

“ብርድ።”

“በዚህ ሙቀት?”

ልጇ ከኋላ መጥታ እናቷ ላይ ስትንጠለጠል ሻርፑ ወደ ኋላ ሸሸ። ግንባሯ ላይ ቀያይ እብጠቶች ተሰድረዋል። አንዱ አፍ አውጥቶ መግል ይዟል።

“ምንድን ነው ይሄ?”

“ትንኝ ነው።”

“እህቴ፣ ትንኝ መስመር ይዞ አይነክስም።”

መጀመሪያ ተቆጣች። ቀጥሎ አለቀሰች። ከዚያ ነገረችኝ። አብራት የምታስተምር ጓደኛዋ የውበት ሳሎን ጠቁማታለች፤ ከጫማ መሸጫው በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለው። በሩ ላይ “በራስዎ ደም የራስዎ ውበት” ተብሎ ተጽፏል። የፀጉሯን መስመርና ግንባሯን ወግተዋታል።

“ግን የራሴ ደም ነው!” አለችኝ። “በዓይኔ እያየሁ ነው የቀዱኝ!”

“ሲቀዱሽ አየሽ። ሲያሽከረክሩትስ?”

“መጋረጃ አለ። ከመጋረጃው ጀርባ ነው።”

“ማሽኑ ሲጮህ ሰማሽ?”

ሻርፑን ወደ ግንባሯ መለሰች። “ሙዚቃው ይጮህ ነበር” አለችኝ።

ክቡራትና ክቡራን፣ በዚህ ሁሉ የሥራ ዘመኔ እንደዚያች ቃል ያስደነገጠኝ የለም።

ዶክተራችን የዕረፍት ቀናቸው ነበር። ስደውል አንድም ጥያቄ ሳይጠይቁ “ያምጧት” አሉና ክሊኒኩን ራሳቸው ከፈቱ። መግሉን አውጥተው ለምርመራ ላኩ፤ መድኃኒት ጀመሩላት። ከዚያ ወንበር ስበው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ።

“እብጠቱን እናድነዋለን” አሉ። “የገባው ነገር የማን እንደሆነ ግን አናውቅም። የሌላ ሰው ደም ከነካው፣ በደም የሚተላለፉ በሽታዎችን መመርመር አለብን። አሁን እንመረምራለን፤ ከወራት በኋላ ደግሞ እንደግማለን። የመጀመሪያው ብቻውን አያስተማምንም።”

እህቴ ስለ ፊቷ አልጠየቀችም። ስለ ፀጉሯም አልጠየቀችም። “ልጄን ልስማት እችላለሁ?” ነው ያለችው።

“በመሳም የሚተላለፍ ነገር የለም” አሏት ዶክተራችን። “ሂጂና እንደ ልብሽ ሳሚያት።”

እኔ ጓንት ልቀይር ብዬ ወጣሁ። ጓንት አልነበረም የሚቀየረው።

ዶክተራችን በማግስቱ ለጤና ቁጥጥር ክፍል አመለከቱ። “ተቀብለናል፤ እናጣራለን” ተባለ። እኔ ደግሞ “እናጣራለን” የሚለውን ቃል በሰማሁ ቁጥር ቆዳዬ ይሸማቀቃል። እስኪያጣሩ ስንት ግንባር ይወጋል? እኔ ራሴ ልሂድ ብዬ ተነሳሁ። ዶክተራችን ሐሳቡን አልወደዱትም። ሲያዩኝ ግን እንደማልመለስ ገባቸው።

“ይሂዱ፤ ይዩ። ግን መርፌያቸውን ወደ ጭንቅላትዎ እንዳያስጠጉ። ብቻዎንም አይሂዱ።”

እንግዳ ተቀባያችን ፈቃደኛ ሆነች። “ባለቤቴ ነሽ እንላለን” ብላት፣ “ጋሼ፣ ለሥራ ብዬ እዚያ ድረስ አልደርስም፤ ልጅዎ ልሁን” አለችኝ። እነሆ በዚያ ቀን አባት ሆንኩ።

ደረጃውን ወጣን። ክፍሉ ያበራል፤ ይሸታል፤ ሽቶው ሌላ ሽታ ለመሸፈን የተረጨ መሰለኝ። የሳሎኑ ባለቤት ነጭ ጋዋን ለብሳ ተቀበለችን።

“አባቴ፣ ፀጉርዎን እንደ ጎረምሳ እናደርገዋለን!”

“የትኛውን ፀጉር?” አልኳት።

ልጄን ሳል አፈናት።

ከአጠገቤ ባለው ወንበር አንዲት ሴት ግንባሯ ላይ የማደንዘዣ ቅባት ተቀብታ ዓይኗን ጨፍና ተራዋን ትጠብቃለች። እኔንም አስቀመጡኝ፤ አንገቴ ላይ ፎጣ አሰሩልኝ። “ደም የምቀዳው አዲስ መርፌ ከፊቴ ተቀዶ ሲወጣ ካየሁ ነው” አልኩ። ማሸጊያውን ገልብጬ አየሁት፤ ደህና ነው። ቀዱኝ።

ስሜን የጠየቀኝ የለም። ቱቦው ላይ የጻፈም የለም። አንስታው ከመጋረጃው ጀርባ ገባች፤ ወዲያው ሙዚቃው ከፍ አለ።

የእኛን ማሽን ታውቁታላችሁ። ሲነሳ ጠረጴዛው ሳይቀር ይንቀጠቀጣል። መዳፌን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ምንም። እንደ ሬሳ ቤት ጸጥ ያለ ግድግዳ። ብዙም ሳትቆይ በሲሪንጅ ቢጫ ፈሳሽ ይዛ ተመለሰች።

“እንዴት ፈጠነ?” አልኳት።

“የእኛ ዘመናዊ ነው፣ አባቴ።”

“ቱቦውን አሳዪኝ።”

“የምን ቱቦ?”

“የደሜን። ቢጫው ከወጣለት ቀዩ ከታች መቅረት አለበት።”

“እሱማ ተጣለ።”

“የት ተጣለ?”

“አባቴ፣ ሰው እኮ ተማምኖ ነው የሚሠራው!”

ፎጣው አንገቴ ላይ እንዳለ ተነሳሁና መጋረጃውን ገለጥኩ።

ማሽን የለም። አንድ ትንሽ ማቀዝቀዣ፣ አንድ የእጅ መታጠቢያ፣ አንድ ጠረጴዛ። ጠረጴዛው ላይ የውሃ ብርጭቆ ውስጥ የደም ቱቦዎች እንደ እርሳስ ተሰክተዋል፤ አንዱም ስም የለውም። የኔ ከዳር ነበር። አነሳሁት፤ ገና ትኩስ ነው። ማቀዝቀዣውን ስከፍተው ከግማሽ ሎሚ አጠገብ ቢጫ ፈሳሽ የያዘ ብልቃጥ ተቀምጧል። የላስቲክ ክዳኑ በመርፌ ብዛት ወንፊት ሆኗል።

“እመቤቴ፣ የእኔ ደም ይኸው፤ እንደ ቀላ ነው” አልኳት። “ታዲያ በመርፌው ውስጥ ያለው ቢጫ የማን ነው?”

የማቀዝቀዣውን በር ገፍታ ዘጋችው። ሙዚቃው ይጮሃል።

“ቫይታሚን ነው” አለች። “ማንንም አይጎዳም።”

ያን ጊዜ ከወንበሩ ላይ ያቺ ሴት ተነሳች። ቅባቱን በእጅጌዋ እየጠረገች መጣች። “የኔስ?” አለች። “ባለፈው የወጋሽኝስ? እሱ ምን ነበር?” ድምፅዋ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። “ንገሪኝ እንጂ! እኔ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?”

እንግዳ ተቀባያችን ሙዚቃውን አጠፋችና ስልኳን አወጣች። ለቁጥጥር ክፍሉ የተናገረችውን እዚህ አልደግመውም፤ እንደዚያ መናገር እንደምትችል አላውቅም ነበር። ብቻ በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ መጡ። ብልቃጡን ወሰዱ፤ ቱቦዎቹን ወሰዱ፤ በሩን አሸጉ። በኋላ እንደነገሩን፣ ፈሳሹ የተቀላቀለ ቫይታሚን ነው፤ ያውም ንጹሕ ባልሆነ ውሃ። የሚወጋበት መርፌ ለእያንዳንዱ ሰው ስለማይቀየር ግን ብልቃጡ ውስጥ የሰው ደም ርዝራዥ ተገኝቷል። የማን እንደሆነ ማንም አያውቅም። ባለቤቲቱ ፍርድ ቤት ቀረበች። እዚያ የተወጉት እየተጠሩ ተመረመሩ፤ እዚህ የመጡትንም ዶክተራችን አንድ ሳያስቀሩ ተቀበሏቸው።

የእህቴ የመጀመሪያው ውጤት ደህና ሆነ። ግን አስታውሱ፣ አያስተማምንም ተብለናል። በመካከል ያሉትን ወራት እንዴት እንዳለፍናቸው እኔ አላውቅም። ልጇን ትስማለች፤ ቀና ስትል እኔን ታየኛለች። ብርጭቆዋን ለብቻ ታስቀምጥ ጀመር። “አያስፈልግም ተብለሻል” ስላት፣ “አውቃለሁ” ትላለች፤ ትለየዋለች። ሰው በገዛ ደሙ ላይ ጥርጣሬ ሲገባው ይህን ይመስላል። ምነው እዚያ ባልደረሰች! አልኩ።

ሁለተኛው ውጤት የመጣ ቀን ዶክተራችን ክፍላቸው ጠሩን። ወረቀቱን አዩ፤ ፈገግ አሉ፤ “ንጹሕ ነው” አሉ።

እህቴ ፊቷን ሸፈነች። እኔ ምን ያልኩ ይመስላችኋል?

“ዶክተር፣ እስቲ ስሟን ድጋሚ ያንብቡልኝ።”

አነበቡልኝ። ደግመው አነበቡልኝ። ሦስታችንም እያለቀስን ሳቅን።

ቆይቶ ለምን እንደደበቀችኝ ጠየቅኋት። ቁጣዬን ፈርታ መስሎኝ ነበር። “አንተን ፈርቼ አይደለም፣ ወንድም ጋሼ” አለችኝ። “አፍሬ ነው። ስንት የታመመ ሰው ባለበት ዓለም፣ መምህር ሆኜ፣ እናት ሆኜ፣ ለፀጉር ማልቀሴ አሳፈረኝ። ሳፍር ደግሞ የማያውቀኝ ሰው ጋ ሄድኩ።”

ይህን ልብ በሉልኝ። እኛ በር ላይ “ለጓደኛዬ ልጠይቅላት ነው” እያለ የሚመጣ ሰው አለ። ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ አውርዶ ጥግ የሚቀመጥ አለ። አትሳቁበት። “ይሄም በሽታ ሆኖ” አትበሉት። እዚህ ካፈረ፣ ከመጋረጃ ጀርባ የሚሠራ ሰው አለለት፤ ያውም በፈገግታ የሚቀበለው። የምትጠረጥሩት ነገር ካለ መርፌውን ጠርጥሩ፤ ብልቃጡን ጠርጥሩ፤ “ለሁሉም ሰው ይሠራል” የሚለውን ማስታወቂያ ጠርጥሩ። የሰውየውን ሐዘን ግን አትጠርጥሩት።

እህቴ ክኒኑን ጨረሰች። ፀጉሯ ከፊሉ ተመለሰ፤ ከፊሉ ቀረ። ግንባሯ ላይ ሁለት ጠባሳ አለ። ሕፃናቱ “ቲቸር፣ ምን ነካሽ?” ሲሏት፣ “ሳላይ ያመንኩት ነገር ወጋኝ” ትላቸዋለች። ምን እንደሚገባቸው እንጃ። ሻርፑን ግን አውልቃለች።

ባለፈው ሳምንት አዲስ የብርሃን መሣሪያ እንደመጣልን አይቻለሁ። ካርቶኑ ላይ የምትስቅ ሴት አለች። ሳቋ አላማረኝም። እኔን ለተካኸው ባልደረባዬ አደራ እላለሁ፦ የምትስቅበትን ምክንያት አጣራ።

እንግዲህ ልሰናበታችሁ።

ዶክተር፣ “አላውቅም” ለማለት የማይፈራ አፍዎን ፈጣሪ ያቆይልን። እንግዳ ተቀባያችን፣ የወለድኩሽ ያህል ነሽ፤ ድምፅሽ ለእውነት ሲሆን እንደዚያ ቀን ይጩህ። የጽዳት ባልደረባችን፣ ያጸዳሽው ወለል የእግርሽን ድካም ያስረሳሽ፤ ቤትሽ ሰላም ይግባበት። ወጣቶቹ ነርሶች፣ እጃችሁ አይንቀጥቀጥ፤ ዓይናችሁ አይድከም፤ ልባችሁ አይጠንክር። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ። እርጅና ሲመጣባችሁ መስታወት ፊት ቆማችሁ የምትወዱትን ሰው እዩበት።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር እመኝላችኋለሁ። በየቀኑ የማታውቁት ሰው ይመጣል፤ እጅጌውን ይሰበስባል፤ ክንዱን ዘርግቶ ፊቱን ያዞራል። አያይም። እናንተን አምኖ ነው የማያየው።

ያ ሰው በማመኑ የሚጸጸትበት ቀን አይምጣባችሁ።

ደህና ሁኑልኝ።